ለቆየ የቤንዚን ውሃ መሳቢያ ሞተር የካንዴላ ገመድ አመራረጥ

ለመስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

መግቢያ



የሽንኩርት ሥር ጥልቀት የለውም። አብዛኛው ሥር የሚገኘው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆነ ውሃ ሲቋረጥበት ቶሎ ይጎዳል። በተለይ ኮረት በሚይዝበት ጊዜ ውሃ ካጣ ኮረቱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ ቢያጠጡት እንኳ ያመለጠው እድገት ተመልሶ አይገኝም። እንደ ፎገራ ሜዳ ባሉ አካባቢዎች ሩዝ ከተሰበሰበ በኋላ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ታዲያ በዚሁ ወቅት አንድ የቆየ የቤንዚን ሞተር ገመዱ ቢሳብም አልነሳ ሲል፣ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? አርሶ አደሩ ወደ ከተማ ወጥቶ ካንዴላ ይገዛል። ሞተሩ አይነሳም። በማግስቱ ተመልሶ ገመድ ይገዛል። የገዛው ገመድ አይገጥምም፤ ወይም ይገጥምና እሳት አይሰጥም። በሦስተኛው ቀን ኮይል ይገዛል። ገንዘቡ ወጣ፣ ቀኑም አለፈ፣ ሽንኩርቱም ጠማው።

የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት አንድ ነው፦ ገዝቶ መሞከር ሳይሆን ፈትሾ መግዛት። ትምህርቱን ሲጨርሱ የሚከተሉትን ማድረግ ይችላሉ።

• እሳት የጠፋው ከካንዴላው፣ ከኮፍያው፣ ከገመዱ ወይስ ከኮይሉ እንደሆነ መለየት፤
• ለሞተርዎ የሚስማማውን መለዋወጫ ከማይስማማው ለይቶ መግዛት፤
• የገዙትን በትክክል መግጠም።

ይህ ትምህርት የሚመለከተው በቤንዚን የሚሠሩ ሞተሮችን ብቻ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው አየሩን አምቆ በማጋል ስለሆነ ካንዴላም የካንዴላ ገመድም የለውም።

1. እሳቱ ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

አነስተኛ የቤንዚን ፓምፕ ለእሳቱ ባትሪ አያስፈልገውም። የማስነሻውን ገመድ ሲስቡ ቮላኖው ይሽከረከራል። በቮላኖው ላይ ያለው ማግኔት በኮይሉ አጠገብ ሲያልፍ ኮይሉ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኃይሉንም ከ10,000 ቮልት በላይ ያደርሰዋል። ይህ ኃይል በወፍራሙ የካንዴላ ገመድ ተጉዞ፣ በኮፍያው በኩል ወደ ካንዴላው ይገባል። በካንዴላው ጫፍ ያለችውን ጠባብ ክፍተት ዘሎ ሲያልፍ ብልጭታ ይፈጠርና ቤንዚኑን ያቀጣጥላል።

መንገዱ ስለዚህ አራት ቦታ አለው፦ ኮይል፣ ገመድ፣ ኮፍያ፣ ካንዴላ። ከአራቱ አንዱ ከተበላሸ ሌሎቹ ሦስቱ አዲስ ቢሆኑም ሞተሩ አይነሳም።

በቤታችን ያለው መብራት 220 ቮልት ነው። የመብራት ገመድ ሽፋን የተሠራው ለዚህ ያህል ኃይል ነው። ከ10,000 ቮልት በላይ ሲላክበት ኃይሉ ሽፋኑን ሰብሮ በአቅራቢያው ወዳለው የሞተር ብረት ይዘላል፤ ካንዴላው ጋ የሚደርስ እሳት አይኖርም። በመብራት ገመድና በፕላስተር የተጠገነ ሞተር አንድ ቀን ሠርቶ በማግስቱ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ሰውንም በኃይል ሊነዝር ይችላል።

2. ከመግዛትዎ በፊት ይፈትሹ

የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሥሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንም ወጪ የላቸውም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት እነሱ ናቸው።

ደረጃ አንድ፦ የሞተር ዘይት። አንዳንድ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው። ዘይቱ ካነሰ፣ ወይም ሞተሩ በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ አጋድሎ ከተቀመጠ፣ ካንዴላው አዲስ ቢሆንም እሳት አይሰጥም። ሞተሩን በደልዳላ ቦታ ያስቀምጡና የዘይቱን ልክ ይመልከቱ። በብዛት የሚታየው 5.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሲጎድል እንኳ ለውጥ ያመጣል።

ደረጃ ሁለት፦ ማብሪያና ነዳጅ። ማብሪያው መከፈቱን፣ የቤንዚን ቧንቧው መከፈቱንና ቤንዚኑ ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጡ። ከባለፈው ዓመት የተረፈ ቤንዚን ካለ ያፍሱት፤ አዲስ ይጨምሩ።

ደረጃ ሦስት፦ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፍያውን ይንቀሉ። ሲነቅሉ ኮፍያውን ይያዙ እንጂ ገመዱን አይጎትቱ፤ ገመዱ ከውስጥ የሚበጠሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ካንዴላውን በካንዴላ ቁልፍ አውጥተው ጫፉን ይመልከቱ።

• ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ሲያቃጥል ቆይቷል።
• ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለበት የአየር ማጣሪያው ቆሽሿል፣ ወይም ቾኩ ሳይከፈት ሲሠራ ቆይቷል። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ካንዴላ ቢገዙ አዲሱም ይጠቁራል።
• በቤንዚን ከራሰ ነዳጁ እየደረሰ እሳቱ እየጎደለ ሊሆን ይችላል። አድርቀው ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ።
• ነጩ ሸክላ ከተሰነጠቀ ካንዴላው መቀየር አለበት።

ደረጃ አራት፦ የእሳት ፍተሻ። ለዚህ የሚያስፈልገው ደህንነቱ የታወቀ ተጨማሪ ካንዴላ ነው። የሞተሩን ካንዴላ መልሰው ይግጠሙት፤ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ የሚወጣው የቤንዚን ትነት በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። የቤንዚኑን ቧንቧ ይዝጉ። የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጠርገው ያድርቁት። ተጨማሪውን ካንዴላ ኮፍያው ውስጥ ያስገቡና የካንዴላው ብረት የሞተሩን ቀለም የሌለበት ብረት እንዲነካ አድርገው ያስጠጉት። ካንዴላውን በባዶ እጅ አይያዙ፤ እጀታው ጎማ የለበሰ ፒንሳ ይጠቀሙ። ሌላ ሰው የማስነሻውን ገመድ ይሳብ። ጥላ ቦታ ከሆነ ብልጭታው በደንብ ይታያል።

• ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ኮይሉ፣ ገመዱና ኮፍያው ደህና ናቸው። ቀድሞ የነበረውን ካንዴላ ብቻ ይቀይሩ።
• ብልጭታው ደካማና ቀላ ያለ ከሆነ፣ ወይም አንዴ እየመጣ አንዴ ከጠፋ፣ ችግሩ በኮፍያው ወይም በገመዱ መሆኑን ይጠርጥሩ።
• ምንም ብልጭታ ከሌለ ወደ ደረጃ አምስት ይሂዱ።

ደረጃ አምስት፦ ኮፍያውን ከገመዱ መለየት። በብዙ ሞተሮች ኮፍያው ገመዱ ላይ የሚገባው እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ ነው። በግራ እየጠመዘዙ ያውጡት። የገመዱን ጫፍ ይመልከቱ፤ የውስጡ መዳብ አረንጓዴ ዝገት ካበጀ ወይም ከተቃጠለ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ያሳጥሩት፤ ከዚያም ኮፍያውን መልሰው ጠምዝዘው ይሞክሩ። በዚህ ብቻ ብዙ ሞተር ይነሳል፤ ወጪውም ባዶ ነው።

ይህ ካልሠራ ኮፍያውን እንደገና አውጥተው የገመዱን ጫፍ ከሞተሩ ብረት 5 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲርቅ በደረቅ እንጨት ደግፈው ይሰሩት። ማንም ሰው ገመዱን ሳይነካ የማስነሻው ገመድ ይሳብ። ብልጭታ ከዘለለ የተበላሸው ኮፍያው ነው። ካልዘለለ ወደ መጨረሻው ደረጃ ይለፉ። ጫፉን ከዚህ አርቀው ወይም ገመዱን በአየር ላይ አንጠልጥለው አይሞክሩ፤ መውጫ ያጣ ኃይል ኮይሉን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል።

ደረጃ ስድስት፦ ማብሪያው ወይስ ኮይሉ? ከኮይሉ ወደ ማብሪያው የሚሄድ አንድ ቀጭን ገመድ አለ። ሞተሩ የሚጠፋው በዚህ ገመድ ነው። ይህ ገመድ ተልጦ የሞተሩን ብረት ከነካ ሞተሩ ሁልጊዜ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ቀጭኑን ገመድ ከኮይሉ ለጊዜው ይንቀሉና እንደገና ይፈትሹ። አሁን እሳት ከመጣ ኮይል አይግዙ፤ ቀጭኑን ገመድ ወይም ማብሪያውን ያስጠግኑ። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ሞተሩ በማብሪያ ስለማይጠፋ መልሰው ሳይገጥሙ ወደ ሥራ አያስገቡት። አሁንም እሳት ከሌለ ችግሩ ኮይሉ ወይም ከኮይሉ የሚወጣው ወፍራም ገመድ ነው።

3. ገመዱ ብቻ ነው ወይስ ከነኮይሉ?

ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት ገመዱ ኮይሉ ላይ እንዴት እንደተያያዘ ይመልከቱ። ሁለት ዓይነት አለ።

አንደኛው ገመዱ ከኮይሉ የሚነቀል ነው። ገመዱን ለብቻው መግዛት ይቻላል።

ሁለተኛው ገመዱ ከኮይሉ ጋር አብሮ በፕላስቲክ የተቀለጠ ነው። በአነስተኛ ፓምፖች ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ገመድ ጫፉ ላይ ከተበላሸ ማሳጠር ይበቃል። መሐሉ ላይ ወይም ኮይሉ ሥር ከተሰነጠቀ ግን ኮይሉን ከነገመዱ መቀየር ይሻላል። ቆርጦ ሌላ ገመድ መቀጠል አይመከርም፤ በቅጥሉ በኩል እሳቱ ይዘላል።

ገመዱ ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ፣ ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ አመሻሽ ላይ አስነስተው ሳይነኩት በርቀት ይመልከቱ። በገመዱ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ በዚያ በኩል እየፈሰሰ ነው። ጠዋት ጤዛ ሲኖር የማይነሳ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ግን የሚነሳ ሞተርም ብዙ ጊዜ የዚህ ችግር አለበት።

4. ገበያ ላይ ምን ይዘው ይሂዱ፣ ምን ይምረጡ?

አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ። በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ያንሱት። “የፓምፕ ካንዴላ ስጠኝ” ብሎ መጠየቅ አይበቃም።

ሀ. ካንዴላ

በአሮጌው ካንዴላ ላይ የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር እንዳለ ይገልብጡ። ለምሳሌ ለሆንዳ ጂኤክስ 160 ሞተር የሚሆነው የኤንጂኬ ካንዴላ “ቢፒአር6ኢኤስ” የሚል መለያ አለው። ይህ መለያ ትርጉም አለው። “ቢ” የጥርሱ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ “ኢ” ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባው የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያሳያል። በ“ኢ” ፋንታ “ኤች” ካለበት ርዝመቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጥርሱ ስለሚመሳሰል ይገባል፤ ነገር ግን ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር በደንብ አያቃጥልም። በተቃራኒው አጭር ካንዴላ ለሚፈልግ ሞተር ረጅም ከገቡበት ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ መግባቱ ብቻ መስማማቱን አያሳይም።

“6” የሚለው ካንዴላው ሙቀትን የሚያስወጣበትን ደረጃ ያመለክታል። በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው፤ በቦሽ ግን ተቃራኒ ነው። የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ከሌላው ቁጥር ጋር አያነጻጽሩ። የሌላ ፋብሪካ ካንዴላ ብቻ ከተገኘ ሻጩ የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ለምሳሌ ለዚሁ ሞተር ከዴንሶ የሚሆነው “ደብልዩ20ኢፒአር-ዩ” የሚለው ነው።

የካንዴላው አናት ላይ የሚጠመዘዝ ትንሽ ብረት አለ። አንዳንዱ ኮፍያ ይህን ብረት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ብረቱ ሲወጣ ነው የሚገጥመው። አሮጌው እንደነበረ ያድርጉት።

ለ. ኮፍያ

ሦስት ነገር ያስተያዩ፦ ቅርጹ (ቀጥ ያለ ወይም የታጠፈ)፣ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት፣ እና በውስጡ ጠምዛዛ ብሎን መኖሩ። ብዙ ኮፍያዎች በውስጣቸው የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ አላቸው፤ መጠኑ ኮፍያው ላይ ይጻፋል። በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ተመሳሳይ ቁጥር ይምረጡ። በሁለቱም በኩል ውሃ የሚከላከል ጎማ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ፓምፕ ውሃ የሚረጭበት ዕቃ ነውና።

ሐ. ገመድ

• ውስጡ የተገመደ መዳብ መሆን አለበት። ለአንዳንድ መኪኖች የሚሸጠው ገመድ ውስጡ ጥቁር የካርቦን ክር ነው። የኮፍያው ብሎን ይህን ክር በደንብ ስለማይዘው ግንኙነቱ ይላላል። በተጨማሪም ክሩ ራሱ እሳቱን ስለሚያዳክም በእጅ የሚሳብ የቆየ ሞተር ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ ከመኪና የተረፈ ገመድ ሲሰጥዎት ጫፉን ቆርጠው ውስጡን ይመልከቱ።
• ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። በብዛት 7 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የወፈረ ኮፍያው ውስጥ አይገባም፤ የቀጠነ ደግሞ ይላላል፣ ውሃም ያስገባል።
• ሽፋኑ ሲያጥፉት ለስላሳ ይሁን። ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣ ወይም የሚሰነጠቅ ገመድ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው።
• ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል። አጭር ከሆነ ይወጠራል፤ ከረዘመ ማርሚታው ላይ ወድቆ ይቀልጣል።

መ. ኮይል ከነገመዱ

የሁለቱን ብሎኖች ቀዳዳ ርቀት፣ ገመዱ የሚወጣበትን አቅጣጫና የገመዱን ርዝመት ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ይለኩ። ሊገዙ የሚችሉት ሦስቱም ሲመሳሰሉ ነው።

ስለ ዋጋ፦ በጣም የረከሰ ካንዴላ ሲያገኙ ጽሑፉ የደበዘዘ እንደሆነ፣ ጥርሱ ሸካራ እንደሆነ፣ የመሐሉ ብረት ወደ ጎን ያጋደለ እንደሆነ ይመልከቱ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ይተዉት። ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ካልሠራ መመለስ ይቻል እንደሆነም አስቀድመው ይስማሙ።

5. ሲገጥሙ

የካንዴላ ክፍተት፦ ለጠቀስነው ሞተር ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ ከሌለዎት የባንክ ኤቲኤም ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ያገለግላል። ቁጥር ጎልቶ ባልተጻፈበት ጠርዝ ይለኩ፤ ካርዱ ትንሽ እየታከከ ማለፍ አለበት።

ካንዴላ ማጥበቅ፦ በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስገቡ። በእጅ አልገባም ካለ ተጣሞ ነው፤ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ሮንዴላው ከተቀመጠ በኋላ አዲሱን በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ አገልግሎት ላይ የነበረውን ከስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር ያጥብቁ። ከዚያ በላይ ከጠበቀ የሞተሩ ጥርስ ይበላል፤ ይህን ማስጠገን ከካንዴላው ዋጋ በጣም ይበልጣል።

ኮይል፦ በኮይሉና በቮላኖው መካከል 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልጋል። ተራ የጽሕፈት ወረቀት አንዱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አራት ወረቀት ደርበው የቮላኖው ማግኔት ባለበት በኩል በመሐል ያስገቡ፣ ኮይሉን አስጠግተው ብሎኖቹን ያጥብቁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ያውጡ። ቮላኖውን በእጅ አዙረው እንደማይነካካ ያረጋግጡ።

ገመድ፦ ከማርሚታው አርቀው፣ በቀድሞ መያዣው ውስጥ አሳልፈው ያስተካክሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩን ለመሞከር ጉድጓድ ውስጥ ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አያስነሱ። የቤንዚን ሞተር ጭስ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለው። ሰው ሳይታወቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል። አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ ሌላው ተከትሎ መግባት የለበትም፤ ሁለተኛ ሬሳ ይሆናል። እርዳታ ይጥሩ።

6. ሳይቃጠል በቅጠል

መለዋወጫ የሚፈለገው ሞተሩ የቆመ ዕለት ሳይሆን መስኖ ከመጀመሩ በፊት ነው። ኅዳር ከመግባቱ አስቀድሞ የሚከተሉትን በአንድ ውሃ በማያስገባ ዕቃ አዘጋጅተው ያስቀምጡ፦ ትክክለኛ መለያ ያለው አንድ አዲስ ካንዴላ፣ አንድ ኮፍያ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ እና የሞተሩን ሞዴል የያዘ ወረቀት። አዲሱ ካንዴላ በደረጃ አራት ላለው ፍተሻም ያገለግላል።

አንድ ፓምፕ በጋራ የሚጠቀሙ ከሆነ ይህ ዕቃ በማን እጅ እንደሚቀመጥና ወጪው እንዴት እንደሚከፈል ከወዲሁ ይወስኑ። በምንከታተላቸው ቀበሌዎች እንዳየነው ሞተሩ ቆሞ ውሃ ሲቋረጥ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጨው “ማን ይግዛ፣ ማን ይሂድ” የሚለው ነው። የውሃ ተራቸው ገና ያልደረሰ አባላት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለጥገናው አይቸኩሉም፤ የሚጎዳው ተራው የደረሰበት ሰው ማሳ ነው።

በቡድን የሚሠራ ልምምድ

አንድ የማይሠራ አሮጌ ካንዴላ፣ አንድ ኮፍያና ቁራጭ ገመድ ይዘው በሦስት በሦስት ይቀመጡ።

1. የካንዴላውን መለያ አንብባችሁ የጥርሱን ርዝመት በማስመሪያ ለኩ።
2. ኮፍያውን ከገመዱ ለይታችሁ፣ ጫፉን አሳጥራችሁ መልሳችሁ ግጠሙ።
3. የካንዴላውን ክፍተት በኤቲኤም ካርድ ለኩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሞተሩ በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ አልነሳ ብሎ ደልዳላ ቦታ ላይ ከተነሳ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?
2. በተጨማሪው ካንዴላ ሲፈተሽ ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። ምን ትገዛላችሁ? ምንስ አትገዙም?
3. ሻጩ “ገብቷል እኮ፣ ይሠራል” ቢላችሁ ምን ብላችሁ ትመልሱለታላችሁ?
4. በእናንተ ቡድን መለዋወጫው በማን እጅ ይቀመጥ? ወጪውስ እንዴት ይሸፈን? ውሳኔያችሁን ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አንድ ቅጂ ስጡ።